የአሮጌ ቅንጡ መኪና እውነተኛ ዋጋ፤ የሬንጅ ሮቨር ምሳሌ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ዘመናቱ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)



አንድ ዕቃ ረከሰ ሲባል ዘወትር የሚታሰበው የተገዛበት ገንዘብ ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር በ2002 ለገበያ ሲቀርብ ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ ይጠየቅበት የነበረው ሬንጅ ሮቨር ዛሬ በጥቂት ሺህ ፓውንድ ይሸጣል። ገዢው ቆዳ የለበሰውን ወንበርና የመኪናውን ግርማ ይመለከትና የቀድሞውን ባለቤት ኪሳራ እንደ ራሱ ትርፍ ይቈጥረዋል። የሚዘነጋው ነገር ቢኖር፣ የመኪናው ዋጋ ሲወርድ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ አለመውረዱ ነው። ኮምፕሬሰሩም ሆነ የካምቢዮው ዕቃ የተሠራው ለባለ 40 ሺህ ፓውንዱ መኪና ስለሆነ፣ የሚጠየቅበትም ገንዘብ የዚያኑ መኪና ደረጃ የተከተለ ነው።

መኪናው ከመነሻው እንዲህ አልነበረም። በ1970 ሲወጣ ዋጋው ወደ 2000 ፓውንድ የሚጠጋ፣ ሁለት በር ብቻ ያለው፣ ውስጡ በውኃ ሊታጠብ የሚችል የሥራ መኪና ነበር። ባለ ስምንት ሲሊንደሩና 3.5 ሊትሩ ሞተር ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን፣ የሮቨር ኩባንያ ንድፉን ያገኘው ከአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ነው። በ1981 አራት በር፣ በ1982 አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ በ1992 ደግሞ የአየር ሞላ ተጨመረለት። ምቾቱ በተጨመረ ቍጥር ሊበላሽ የሚችለውም አብሮ ተጨመረ።

ስለ አየር ሞላው ጥቂት ማብራራት ይገባል። በአራቱም እግሮች ላይ በብረት ሞላ ፈንታ የታመቀ አየር የሚይዝ የጎማ ከረጢት አለ። ከረጢቱ በዕድሜ ብዛት፣ በተለይም በሚታጠፍበት በኩል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ለዓይን የማይታይ ሊሆን ይችላል፤ አየሩ ግን ቀስ እያለ ይወጣል። መኪናው ቆሞ ያድርና ጧት በአንድ ጎኑ ተንበርክኮ ይገኛል። ሞተሩ ሲነሣ ኮምፕሬሰሩ የጎደለውን ለመሙላት ይጥራል፤ ለአጭር ጊዜ እንዲሠራ የታቀደ መሣሪያ ዕረፍት ሲያጣ ደግሞ ይግላል፣ ያልቃል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ባለቤቱ የተቃጠለውን አይቶ አዲስ ይገዛል፤ ከረጢቱ ግን እንደ ተሰነጠቀ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲሱም እንደ አሮጌው ይቃጠላል። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በመኪናው ማላከክ አይገባም፤ ከረጢቱን በሳሙና ውኃ ሳይፈትሽ ኮምፕሬሰር የሚለውጠው መካኒክም የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

ሞተሩም የራሱ ጠባይ አለው። በ1994 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ባለ 4.0 እና ባለ 4.6 ሊትር ሞተሮች ነበሩት። ራዲያተሩ ተደፍኖ ሞተሩ ከልክ በላይ ከጋለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ከዚያ የባሰ እንደ ሆነም ሲሊንደሩን የሚያለብሰው የብረት ቀፎ ከአሉሚኒየሙ ይላቀቃል። በጊዜው ቢለወጥ ኖሮ በመጠነኛ ገንዘብ ያልቅ የነበረው የራዲያተር ጉዳይ ሞተሩን በሙሉ እስከ መለወጥ ያደርሳል፤ ወጪውም መኪናው ከተገዛበት ሊበልጥ ይችላል።

የነዳጁ ሒሳብ ቀላል ነው። በዓመት 10 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 18 ሊትር ቢፈጅ 1800 ሊትር ያስፈልገዋል፤ 8 ሊትር ለሚበቃው ትንሽ መኪና 800 ሊትር ይበቃል። አንዱ ሊትር በ1.40 ፓውንድ ቢታሰብ ልዩነቱ በዓመት 1400 ፓውንድ ነው።

ግብሩ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስገርም ነው። በእንግሊዝ ሕግ እጅግ ብዙ ጭስ የሚያወጣ መኪና ከማርች 23 ቀን 2006 እስከ ማርች 31 ቀን 2017 የተመዘገበ ከሆነ በዓመት ከ700 ፓውንድ በላይ ይከፈልበታል፤ ከዚያች ቀን በፊት የተመዘገበው አምሳያው ግን የሚከፈልበት ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። የሁለቱ መኪናዎች ሞተር አንድ፣ ጭሳቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። በሎንዶን ከተማ ደግሞ በ2023 በሁሉም ቀበሌዎች የተዘረጋው የአየር ንጽሕና ሥርዓት፣ ደረጃውን የማያሟላ መኪና በተነዳበት ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ያስከፍላል። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ መኪናዎች እንደ ታሪካዊ ተቈጥረው ከሁለቱም ክፍያዎች ነፃ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የ1970ዎቹ ሬንጅ ሮቨር በዚህ ረገድ ከልጅ ልጁ ይልቅ ይረክሳል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ትውልድ የገላው ልባስ በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ከሥሩ ያለው ሻንሲና የበሩ ደፍ ግን ብረት ነውና ዝገቱ ተሸሽጎ ይበላዋል።

ስለዚህ ምክር የተጠየቀ ባለሙያ መኪናውን በሻጩ ግቢ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቢመለከተው አይበቃውም። ማታ ሜዳ ላይ እንዲቆም አድርጎ የእያንዳንዱን ጎማ ክፈፍ ከመሬት ይለካል፤ ጧት ሞተሩ ሳይነሣ እንደገና ይለካል። ከዚያም ራዲያተሩ በቀዘቀዘበት ክዳኑን ከፍቶ ውኃውን ያያል፤ በመጨረሻም መብራት ይዞ ከሥሩ ይገባል።