«ስፖርት ትሠሪያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም
(በዲላ ለክሊኒኩ ተገልጋይ ባለትዳሮች የቀረበ ንግግር)



ወረፋ የምትጠብቁትን እህቶች «ስፖርት ትሠራላችሁ?» ብላችሁ፣ አብዛኞቻችሁ «ኧረ በምን ጊዜያችን!» ትሉኛላችሁ። ነገር ግን ከመካከላችሁ ትናንት እንሰት ስትፍቅ ወይም ቡና ስትለቅም የዋለች፣ ከገበያ ሸክም ይዛ ዳገት የወጣች አትጠፋም። ይህም የአካል እንቅስቃሴ ነው።

ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ እንቅስቃሴን በሦስት ከፍሎ ይጠይቃል፤ በሥራ፣ በመንገድና በትርፍ ጊዜ። በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሆነም ይመዘግባል።

ሴት ለራሷ የምትሰጠው ግምትስ እንዴት ይለካል? እ.ኤ.አ. በ1965 ሞሪስ ሮዘንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር 10 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት መለኪያ አቀረቡ። አምስቱ ስለ ራስ በጎውን፣ አምስቱ ተቃራኒውን ይናገራሉ። መላሿ ለእያንዳንዱ ምን ያህል እንደምትስማማ ከ4 መልሶች አንዱን ትመርጣለች፤ ነጥቡም ይደመራል። ከዚያ ሁለቱ ልኬቶች ይነጻጸራሉ።

ውጤቱን ስናነብ ግን እንጠንቀቅ። ሁለት ነገሮች አብረው ስለተገኙ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም። እንቅስቃሴው ለራሷ ያላትን አክብሮት አሳድጎት ይሆናል፤ ወይም ራሷን ማክበሯ ከቤት አውጥቷት ይሆናል። በርካታ ጥናቶች እንዳሳዩትም፣ ከመንፈስ ጤንነት ጋር ይበልጥ የሚያያዘው በፈቃድና በትርፍ ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ እንጂ የሥራ ድካም አይደለም።

ባሎች ሆይ፣ ነገሩ እናንተን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። «ሚስቴ ስትሠራ ነው የምትውለው፤ ምን እንቅስቃሴ ያንሳታል?» አትበሉ። ያነሳት የራሷ የሆነ ጊዜ ነው። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ ይህም በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ልጆቹን ያዙላት፤ ከፈለገችም አብራችኋት ተራመዱ። አራስ ከሆነች የጤና ባለሙያ አማክራ ቀስ በቀስ ትጀምር።

የቤተሰብ ምጣኔም እዚህ ውስጥ አለ። ከወሊድ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት ለእናቲቱ ሰውነት ማገገሚያ፣ ለራሷም ጊዜ ይሰጣታል። የወሰደችው መከላከያ በክብደቷ ወይም በስሜቷ ላይ ለውጥ ያመጣ ከመሰላት፣ በዝምታ ከማቋረጥ ይልቅ ለነርሷ ትንገራት፤ ሌላ አማራጭ አለ።

እህቶቼ፣ የመጠይቁ ነጥብ የፈተና ውጤት አይደለም፤ ማንም በእሱ አይወድቅም። ነገር ግን «እኔ ምንም አልረባም» የሚል ሐሳብ የማይለያችሁ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ከመሄዳችሁ በፊት ለባለሙያ ተናገሩ።