ካርታው ያላየው ረባዳ፦ ከሜፕል ደን የተገኘ የቅየሳ ትምህርት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቨርሞንት ግዛት የሚገኝ አንድ የሜፕል ደን ነው። በዚያ ደን ውስጥ የሚዘረጋ የቱቦ መስመር በካርታ ላይ ነድፌ ተሳስቼ ነበር። ስሕተቴን የማወጋችሁ ብዙዎቻችሁ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ተመሳሳይ መረጃ ስለምትጠቀሙ ነው።

አስቀድሜ ሥራውን ላስረዳ። የበረዶው ወራት ሊያበቃ ሲል፣ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ቀኑ ሲሞቅ፣ በሜፕል ግንድ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል። ግንዱ ሲበሳ ጣፋጭ ፈሳሽ ይወጣል። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር 2 በመቶ ገደማ በመሆኑ፣ አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህሉን ማፍላት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በባልዲ ከመሸከም ይልቅ ዛፎቹን በቀጫጭን ቱቦዎች ያያይዟቸዋል፤ ቀጫጭኖቹ ከዋናው ቱቦ ይገናኛሉ፤ ዋናውም ቁልቁል ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል። መስመሩ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 2 ሜትር ያህል መውረድ አለበት። አንድ ቦታ ከረገበ ፈሳሹ እዚያ ይተኛል፤ ሌሊት በረዶ ይሆናል፤ በማግስቱ ከላይ የሚመጣው መንገዱ ተዘግቶ ያገኘዋል። ወቅቱ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ የባከነ ቀን አይተካም።

እኔም የዛፎቹን ቦታ በጂፒኤስ መዘገብሁ፤ ከፍታውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከተሰበሰበው ባለ 30 ሜትር መረጃ ወሰድሁ። ኮምፒውተሩ ወጥ ቁልቁለት ያለው መስመር አወጣልኝ። የደኑ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ ወረቀቱን አይተው «እዚህ ላይ መሬቱ ይሰረጉዳል» አሉኝ። በካርታዬ ላይ ስርጉድ አልነበረም። አብረን ስንሄድ ግን 15 ሜትር ያህል የሚሰፋ ረባዳ አገኘን፤ በውስጡም ቅጠላቸው የማይረግፍ ጥድ መሰል ዛፎች ቆመዋል።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ባለ 30 ሜትር መረጃ ከዚያ የሚጠብበውን ረባዳ ከዙሪያው ጋር አማካይ አድርጎ ይደፍነዋል። ሁለተኛ፣ ሜፕሎቹ በዚያ ወር ቅጠላቸውን ቢያራግፉም የጥዶቹ አናት የራዳሩን ሞገድ መልሶታል፤ ስለዚህ የተለካው መሬቱ ብቻ ሳይሆን ዛፉም ጭምር ነበር። በኋላ የተጠቀምንበት ሊዳር የሌዘር ጨረሮቹ በቅርንጫፎች መካከል ሾልከው መሬት ስለሚደርሱ ረባዳውን በግልጽ አሳየን። ያም ሆኖ ቱቦውን ከመቁረጣችን በፊት ተዳፋት መለኪያ ይዘን መስመሩን በእግራችን ተከተልን፤ ረባዳውንም በጎን ዞርነው።

በአገራችን ከምንጭ ወደ መንደር በመሬት ስበት የሚወርድ የውሃ መስመር ስንነድፍም ይኸው የራዳር መረጃ በእጃችን ነው። በእርግጥ ተሞልቶ በግፊት የሚሄድ ውሃ ረባዳን ይሻገራል። ነገር ግን ምንጩ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ካለ ካርታው ከእውነተኛ ከፍታው አስበልጦ ሊያሳየው ይችላል። ያን አምነን የቀበርነው ቧንቧ ውሃውን ከማጠራቀሚያው ላያደርሰው ይችላል፤ ጄሪካን የሚሸከሙት እናቶችም መሸከማቸውን ይቀጥላሉ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ጽሑፋችሁን ስገመግም አስቀድሜ የምጠይቃችሁ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከመስመሩ ስንቱን ነጥብ በእግራችሁ ሄዳችሁ ለካችሁ?