የተወንጫፊ አካል ፍጥነት አለካክና የቁጥር ታማኝነት



በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው ባለው የቡና አገር የመለካት ነገር ለማንም እንግዳ አይደለም። ገበሬው የለቀመውን እሸት ቡና ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ሲያደርስ ዓይኑ የሚያርፈው በሚዛኑ ላይ ነው፤ ሚዛኑ ከተዛባ የወራት ድካሙ አብሮ ይዛባልና። በፊዚክስ ክፍልም ለክቶ ያገኘውን ቁጥር መጽሐፉ ከሚለው ጋር እንዲስማማ አድርጎ የሚጽፍ ተማሪ ሚዛን ማዛባትን እየለመደ ነው። ይህንኑ አንድ ቀላል ሙከራ በግልጽ ያሳያል።

የተወንጫፊ አካልን ፍጥነት ለመለካት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ካረጀ ኩሽኔታ የወጣ የብረት ኳስ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ አንጓው የተላገ ቀርከሃ፣ ቱምቢ፣ ሜትርና ካርቦን ወረቀት ይበቃሉ። ቀርከሃው በጠረጴዛ ላይ ዘንበል ብሎ ይታሰራል፤ ጫፉ ግን ኳሱ አግድም እንዲወጣ በውኃ ልክ ተስተካክሎ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ከጫፉ የወረደው ቱምቢ የሚያመለክተው የወለል ነጥብ ምልክት ይደረግበታል፤ ኳሱ የሚወድቅበትን ቦታ ካርቦን ወረቀቱ ያትመዋል።

የጠረጴዛው ከፍታ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ኳሱ አግድም የቱንም ያህል ቢፈጥን ወለል ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ 0.40 ሴኮንድ ያህል ነው፤ ቁልቁል የሚስበው የመሬት ስበት ብቻ ነውና። ስለሆነም ሰዓት መያዝ አያስፈልግም። አግድም የሄደው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ርቀቱ ለጊዜው ሲካፈል ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.5 ሜትር ያህል ይሆናል።

ፈተናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኳሱ የተለቀቀው ከቀርከሃው ጫፍ 16 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ነው እንበል። የከፍታው ጉልበት በሙሉ ወደፊት ለመሄድ ዋለ ብሎ የሚያሰላ ተማሪ በሴኮንድ 1.77 ሜትር ያገኛል፤ ኳሱም 72 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ እንዲወድቅ ይጠብቃል። ወለሉ ግን 60 ይላል። ተማሪው ውጤቱን ለማስተካከል የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። መምህሩ ግን ልዩነቱን ሊሸፍነው አይገባም። ኳሱ የወረደው ተንሸራቶ ሳይሆን ተንከባሎ ነው፤ ከጉልበቱም ከሰባት እጅ ሁለቱ ኳሱን ለማሽከርከር ውሏል። ይህ ሲታሰብ ስሌቱ ራሱ ወደ 1.5 ሜትር ይመለሳል። የምትተርፈው ጥቂት ልዩነት የሰበቃና የአለካክ ድርሻ ናት፤ እርሷንም ለማወቅ ኳሱን ከአንድ ከፍታ አሥር ጊዜ ለቆ የነጥቦቹን መበታተን መመዝገብ ይገባል።

እንግሊዛዊው የሒሳብና የምሕንድስና ሊቅ ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ያሳተመው ሥራ ይህንኑ ያስተምራል። ጥይትን በተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ላይ ተኩሶ፣ እንጨቱ የተወዛወዘበትን መጠን በመለካት ፍጥነቱን አወቀ። በዚህም አየር ለጥይት የሚያደርገው መቋቋም አስቀድሞ ከታመነው እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳየ። ልኬቱን ከልማዳዊው ሐሳብ ጋር ሊያስማማው ቢሞክር ኖሮ ይህ እውቀት ባልተገኘ ነበር።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ከተሞች ወጣቶችን ያስተምራል። እነርሱን ተከትለው የሚመጡት በየትምህርት ቤቱ ዛሬ ቀመር የሚያጠኑት ልጆች ናቸው። በቡና እርሻዎችና በየጋራዡ የሚሠሩ የማኅበሩ አባላት ያረጀውን የኩሽኔታ ኳስና ትርፍራፊውን እንጨት ለአቅራቢያቸው ትምህርት ቤት ቢሰጡ ወጪው ኢምንት ነው። ነገ ድልድይ የሚሠራው ሰው ያገኘውን ቁጥር እንዳለ የመጻፍ ልማድ የሚይዘው ግን በዚህ ዓይነት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።