የተሽከርካሪ የሆድ መከላከያ ከምን ይሠራ?
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በአፋር ዝቅተኛ ቦታ የባዛልት ሜዳ አቋርጦ የሚጓዝ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሆዱን ድንጋይ ሲመታው፣ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጎዳው የሞተሩን ዘይት የሚይዘው ኮፓ ነው። ኮፓ ከስስ ላሜራ ተጨምቆ ወይም ከቀለጠ አሉሚኒየም ተቀርጾ የሚሠራ በመሆኑ፣ የፊተኛው ይጨረመታል፤ የኋለኛው ይሰነጠቃል። ዘይቱ ፈስሶ ሳለ ሞተሩ ካልጠፋ ብሮንዚናው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ውኃ በጀሪካን ተለክቶ በሚጠጣበት፣ ጥላ በማይገኝበት ምድር ይህ የመለዋወጫ ዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የተሳፋሪዎቹ ሕይወት ጉዳይ ነው። ስለሆነም በየጋራዡ በእጅ የሚሠራው የሆድ መከላከያ ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ፣ ተራ ቢመስልም፣ ስሌት ይገባዋል።

መከላከያው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው የድንጋዩን ምት ተቀብሎ ወደ ሻንሲው ማስተላለፍ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ መኪናው ከነጭነቱ ድንጋይ ላይ በሆዱ ሲያርፍ ሳይነክስ አንሸራትቶ ማሳለፍ ነው።

በርካታ ጋራዦች የሚጀምሩት ከተቀደደ የዘይት በርሜል ነው። ርካሽነቱ አይካድም። ነገር ግን የአንድ ጠፍጣፋ ላሜራ ግትርነት ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነው የበርሜል ቆርቆሮ ከ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ጋር ሲነጻጸር ግትርነቱ 37 ጊዜ ያህል ያንሳል። ድንጋዩ ቆርቆሮውን እስከ ኮፓው ድረስ ገፍቶ ያደርሰዋል፤ እንዲህ ያለው መከላከያ ለባለ መኪናው የሚሰጠው ከንቱ መተማመን ብቻ ነው። አሮጌ ባሌስትራ ቆራርጦ መበየድም እንደዚሁ አይመከርም፤ የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ሳይሞቅና ቀስ ብሎ ሳይቀዘቅዝ ከተበየደ ከብየዳው አጠገብ ተሰባሪ ይሆናል።

እውነተኛው ምርጫ በተራ ብረትና በአሉሚኒየም መካከል ነው። ስፋቱ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ መከላከያ ከ4 ሚሊ ሜትር ብረት ቢሠራ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከ6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ቢሠራ ደግሞ ወደ 8 ኪሎ ግራም ይወርዳል። የአሉሚኒየም ያንግ ሞዱለስ 70 ጊጋ ፓስካል፣ የብረት 200 ጊጋ ፓስካል ያህል ቢሆንም፣ የውፍረቱ ብልጫ ልዩነቱን ይሸፍነዋል፤ እንዲያውም ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ አሉሚኒየም በግትርነት ጥቂት ይበልጣል። በወረቀት ላይ አሉሚኒየም አሸናፊ ነው።

በድንጋይ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሉሚኒየም ገጹ ለስላሳ ስለሆነ የባዛልት ስለት ይሰረስረዋል፤ የተሰረሰረውም ገጽ ድንጋዩን ይነክሳል እንጂ አያንሸራትትም። 6061 በሚባለው በሙቀት የጠነከረ ቅይጥ ላይ ብየዳ ከተሠራ፣ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል የጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል። 5083 ለብየዳ የተሻለ ነው፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን የአርጎን ጋዝ ብየዳና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ተራው ብረት ግን ቢጎብጥ በመዶሻ ይቃናል፤ ቢቀደድም በየወረዳው ከተማ ባለ ኤሌክትሮድ በያጅ አይጠፋም። ከመንገድ ውጭ ለሚውል መኪና 7 ኪሎ ግራም መቆጠብ ይህን አያካክስም። ድንጋይ መውጣትን እንደ ስፖርት የያዙ አሽከርካሪዎች ከብረቱ ሥር የሚያስሩት የፖሊኢቲሊን ሰሌዳ በእርግጥ ከሁሉም ይበልጥ ይንሸራተታል፤ ነገር ግን በ135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ከጭስ ማውጫው መራቅ ይኖርበታል።

ብረቱ ከተመረጠ በኋላ ቅርጹ ከውፍረቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። ጠርዞቹ ወደ ላይ የታጠፉ፣ በርዝመቱም እንደ ቦይ የተጎነበሰ ላሜራ፣ ከእርሱ ከወፈረ ግን ከተዘረጋ ላሜራ ይበልጥ ይጠነክራል። ከኮፓው በታች ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው። የፊተኛው ቁራጭ የኋላ ጠርዝ ከኋለኛው ቁራጭ በታች ይደረብ፤ አለዚያ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ድንጋዩ መጋጠሚያውን ይይዘዋል። የቡሎኖቹ ጭንቅላት ጎድጎድ ባለ ስፍራ ካልተቀመጠ አንድ ጉዞ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ መፍቻ አይዘውም። መከላከያውን ከሻንሲው ጋር መበየድም አይገባም፤ ካምቢዮ ለማውረድ የሚመጣው ሠራተኛ በኦክሲጅን እሳት ሊቆርጠው ይገደዳልና። ለዘይት መለወጫ ቀዳዳ ይበሳ፤ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ደረቅ ሣር እንዳይጠራቀምና እንዳይቀጣጠል ክፍት ቦታ ይተው።

በአሳሌ የጨው ሜዳ ለሚመላለሱ መኪኖች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። አሉሚኒየም በብረት ቡሎን ታስሮ ጨዋማ ውኃ ሲነካው፣ ሁለቱ ማዕድናት ባትሪ ስለሚሆኑ አሉሚኒየሙ ከቡሎኑ ዙሪያ ይበላል፤ ለዚህ የማይዝግ ብረት ቡሎን አይረዳም፤ የሚረዳው በመካከል የሚገባ የፕላስቲክ ራንዴላ ነው። ተራው ብረትም በጨው ይዝጋል፤ ልዩነቱ ዝገቱ በዓይን መታየቱ ነው። ጨው የቋጠረው ጭቃ ግን የሚቀመጠው ከመከላከያው በላይ፣ ከውጭ በማይታየው ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ከእንዲህ ያለ ጉዞ መልስ ላሜራው ወርዶ ሁለቱም ገጹ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል።