ዕድሜህን ስንት ብለህ ትጽፋለህ?



በቀደም ስለ ክልል የብስክሌት ውድድር ስንጨዋወት አንዱ ልጅ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ እኔ 19 ዓመቴ ነው። 17 ብዬ ብመዘገብ ግን አንደኛ እወጣለሁ። ለሕዝባችን ክብር እስከሆነ ድረስ ምን አለበት?» ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔን ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

እስቲ መጀመሪያ ምድቡን እንወቅ። በዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ደንብ 17 እና 18 ዓመት ጁኒየር ነው። ከ19 እስከ 22 ያለው «ከ23 ዓመት በታች» ይባላል፤ ከዚያ በላይ ኤሊት ነው። ዕድሜው የሚታወቀው ደግሞ ውድድሩ ከሚካሄድበት የፈረንጅ ዓመት ላይ የተወለድክበትን የፈረንጅ ዓመት በመቀነስ ነው። ወሩና ቀኑ አይቆጠርም።

የእኛ ጣጣ እዚህ ላይ ይጀምራል። ጥቅምት 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2007 ነው፤ የካቲት 2000 የተወለደው ግን 2008። ሁለቱም «የሚሊኒየም ልጅ ነኝ» ይላሉ፣ ምናልባትም አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። በፈረንጅ 2026 በሚደረግ ውድድር ግን አንዱ 19 ሆኖ ከትልልቆቹ ጋር ይገባል፣ ሌላው 18 ሆኖ ጁኒየር ይቀራል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ 8 አትደምሩ! ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 የተወለደ 7፣ ከጥር ወዲህ የተወለደ 8 ይደምር። በታኅሣሥ መጨረሻ የተወለዳችሁ ቀኑን በደንብ አስቆጥሩ።

ማስረጃውስ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ስትወለዱ የመዘገባችሁ የለም። ያለው የክርስትና ቀን፣ የእናት ትዝታ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ነው። ሌባ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው።

እኔም ገብቼባታለሁ።

ወጣት ሳለሁ አንድ ታላቄ «2 ዓመት ቀንስ፣ ማን ያውቃል» አለኝ። ቀነስኩ። የደብረ ብርሃንን ብርድና ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትንፋሽ ራሱ ሥራ ነው። ከአንኮበር የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ፣ አንድ ፍሬን ብቻ በሚሠራለት ብስክሌት፣ ከኋላ ጎማዬ አልላቀቅም አለ። ዞር ባልኩ ቁጥር አለ። በመጨረሻዋ ዳገት የ2 ዓመት ጉልበቴን አውጥቼ ቀደምኩት። ለቀጣዩ ውድድር የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ ተመረጥኩ። እሱ እውነተኛ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አልመጣም።

«ለሕዝባችን ክብር» ያልከኝ ወንድሜ፣ የተሰረቀው ልጅ ከየት መጣ? ከአንኮበር! ከራሳችን ቤት ሰርቀን ለራሳችን ቤት አመጣን ልንል ነው?

እኔም ብሆን ያን ያህል ርቄ አልሄድኩም፤ ትልልቆቹ ጋ ስደርስ ቀነስኩት ያልኩት 2 ዓመት የትም አልገባም። በ1949 ዓ.ም. አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 24ኛ ወጣ። ሜዳሊያ የለውም፤ ስሙን ግን እስከዛሬ እናነሳዋለን። ጽጋቡ ግርማይ በፈረንጅ 2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ እዚያ ጁኒየር ተብሎ የሚደበቁበት ጥላ አልነበረም።

እህቶቼ፣ እናንተን ሳልረሳ፦ «ሴት ልጅ ብስክሌት?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ምዝገባው ላይ የሴቶች ምድብ መኖሩን ጠይቁ፤ የለም ካሏችሁ ብዙ ሆናችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሁላችሁም ደግሞ ማስረጃውን በመጨረሻው ቀን አትሩጡለት፤ ቀበሌም ቤተ ክርስቲያንም ቀጠሮ ይሰጣሉ።

ያ የአንኮበር ልጅ ዛሬ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ዓምና የልጄን ብስክሌት ወሰድኩለት። ፍሬኑን አጠበቀ፣ ካቴናውን ዘይት ቀባ፣ ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። ስለዚያ ቀን አላነሳም። እኔም አፌ አልታዘዘልኝም።