አዲስ ቦታ ላይ ንብ ለማስገባት ምን ዓይነት ቀፎ እንስቀል?

በአርብ ገበያ ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ማር አቆራረጥ አይደለም። ማር የሚቆረጠው ንብ ሲኖር ነውና ከዚያ አስቀድሞ ስለሚመጣው ነገር እንነጋገራለን። ይኸውም ንብ ባልነበረበት ቦታ መንጋ በገዛ ፈቃዱ እንዲገባ ምን ዓይነት ቤት ማዘጋጀት ይገባል የሚለው ነው።

ይህን ነገር ለማንሣት ምክንያት አለኝ። በዚህ በታች ጋይንት፣ እንዲሁም በስማዳና በእስቴ፣ እርከን ተሠርቶባቸው ከብት እንዳይገባባቸው የተከለሉ ኮረብታዎች አሉ። ሣሩ ተመልሷል፤ ቁጥቋጦው አብቧል፤ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባው ኮረብታውን ቢጫ ያለብሰዋል። እንዲህ ያለውን ቦታ ወጣቶች በማኅበር ሆነው ይረከቡና ሣጥን ቀፎ በብድር አስመጥተው ይደረድራሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሣጥኑ ዓመት ሁለት ዓመት ባዶውን ይቆማል። የብድሩ ቀን ይደርሳል፤ በቀፎው ውስጥ ያለው ሸረሪት ብቻ ነው።

መንጋ ገዝቶ ማስገባት እንደሚቻል አውቃለሁ። ነገር ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ የተገዛውም መንጋ ቤቱን ካልወደደው ጥሎ ይኮበልላል። በመስከረምና በጥቅምት በራሳችን ላይ እያጉረመረመ የሚያልፈውን መንጋ ግን ሻጭ የለውም። ስለዚህ እርሱን የሚያቆመው ቤት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅመናል።

መንጋ እንዴት ቤት እንደሚፈልግ በመጀመሪያ ልንገራችሁ። አበባ በዝቶ ቀፎ ሲሞላ አሮጌዋ አውራ ከሠራተኞቹ ከእኩሌታ የሚበልጡትን አስከትላ ትወጣለች። ቤቱ ለአዲሲቱ አውራ ይቀራል። የወጣው መንጋ በቅርብ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ያን ጊዜ ሰላዮች ይላካሉ። ማርቲን ሊንዳወር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ሙኒክ ከተማ ገና ፍርስራሽ ሳለች፣ በተንጠለጠለ መንጋ ላይ የሚጨፍሩ ንቦችን አየ። አንዳንዶቹ ጥላሸት፣ አንዳንዶቹ የጡብ አቧራ ለብሰው ነበር። አበባ የቀሰመች ንብ እንዲህ አትቆሽሽም። ነገሩን ሲከታተለው እነዚህ ንቦች በጭስ መውጫና በፈረሰ ግንብ ውስጥ ገብተው ቤት ሲመረምሩ የዋሉ ሰላዮች ኾነው ተገኙ። ተመልሰው በጭፈራቸው ያዩትን ቤት ለመንጋው ይነግሩታል፤ የተሻለ ቤት ያገኘችው አብዝታ ትጨፍራለች፤ ሌሎቹም ሄደው አይተው ይመሰክሩላታል። መንጋው የሚነሣው ምስክሩ ሲበዛ ነው።

ከዚህ የምንማረው አለ። ሰላይዋ ቀፏችንን የምትመረምረው ውስጡ ገብታ፣ ግድግዳውን በእግሯ እየለካች ነው። ለዓይናችን ያማረው ሁሉ ለእርሷ ያማረ አይደለም ማለት ነው።

እኔም ይህን የተማርሁት ተሳስቼ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን አንድ ሣጥን ቀፎ አሠርቼ፣ እንዲያምርልኝ ብዬ ውስጡንም ውጪውንም ዘይት ቀለም ቀባሁት፤ መሬት ላይም አስቀምጬ ጠበቅሁ። ሁለት መስከረም አለፈ። መንጋ በላዩ እያለፈ ከጎረቤቴ ከአንድ ሽማግሌ ጣራ ክፈፍ ሥር ወደ ተሰቀለ፣ በእበት ወደ ተመረገ አሮጌ ቀፎ ገባ። ሽማግሌው ሣጥኔን አሽትተው፣ «ልጄ፣ ይኸ ነገርህ ቀለም ቀለም ይላል። ንብ ቀለም ትቀስማለች እንዴ?» አሉኝ። አፈርሁ፤ ነገር ግን እውነታቸውን ነበር።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ለአዲስ ቦታ የመጀመሪያው ቀፎ ሣጥን አይሁን። አባቶቻችን የሚሠሩት ክቡ ቀፎ ይሁን። ሣጥን ቀፎን ለማንቋሸሽ አይደለም። በሆለታ የንብ ሥራ ከተጀመረበት ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ጥሩ እጅ ካገኘ ከባህላዊው እጅግ የበለጠና የጠራ ማር ይሰጣል። ግን እርሱ የማምረቻ ቤት ነው። በማተሚያ የተዘጋጀ ሰም ይፈልጋል፤ ፍሬሙ ልኩን ካልጠበቀ ንቧ እንጀራውን አጣማ ትሠራና አንዱን ከአንዱ ታጣብቀዋለች። መንጋ መቀበያው ሌላ፣ ማር ማምረቻው ሌላ ሊኾን ይችላል። ሰው እንግዳ የሚቀበልበትና እህል የሚያኖርበት አንድ እንዳይደለ ሁሉ።

ስለ ቀፎው ስፋት ልናገር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ቶማስ ሲሊና ሮጀር ሞርስ የተባሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በአሜሪካ ልዩ ልዩ ሣጥን እየሰቀሉ መንጋው የትኛውን እንደሚመርጥ ቈጠሩ። 10 ሊትር የሚይዘውን ጠበበኝ፣ 100 ሊትር የሚይዘውን ሰፋኝ ብሎ ተወው፤ 40 ሊትር የሚይዘውን ወደደ። መግቢያው ጠባብ የኾነውንም ከሰፊው፣ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውንም 1 ሜትር ላይ ካለው አስበልጦ ያዘ። እነዚያ ከአውሮፓ የሄዱ ንቦች ናቸው፤ የአፍሪካ ንብ ከእነርሱ ጠበብ ያለ ቤትም ይበቃታል። አሁን የእኛን ክብ ቀፎ እንለካው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ የአፉ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ቢኾን 49 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ርዝመቱን ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ብታሳጥሩት 39 ሊትር ይኾናል። አባቶቻችን ሜትር ሳይዙ ልኩን እንዳገኙት ተመልከቱ። ስለዚህ ብዙ ማር እንዲይዝ ብላችሁ ቀፎውን ከዚህ አታግዝፉት። ጥቂት መንጋ በሰፊ ቤት ውስጥ በጋይንት ደጋ ብርድ ሌሊት ራሱን ማሞቅ ያቅተዋል።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ ባለበት ከዚያ፣ ከሌለም ከልምጭና ከሐረግ ይጠለፋል። እበቱን ከአመድና ከጭቃ ጋር ለውሳችሁ ውስጡንም ውጪውንም ምረጉት። ልብ በሉ፤ ምርጉ በደንብ ሳይደርቅ አይሰቀል። እርጥብ ቤት ይሻግታል፤ ሰላይዋም ገብታ ወዲያው ትወጣለች። ብርሃን የሚያስገባ ስንጥቅ አንድም እንዳይቀር ቀፎውን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ በአንድ ወገን እዩት፤ ኮከብ የመሰለ ነገር ከታያችሁ እንደገና ምረጉ። መግቢያው በታችኛው ወገን ይሁን፤ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያላቸው ስድስት ሰባት ቀዳዳዎች ይበቃሉ። አንድ ትልቅ ቀዳዳ ከማድረግ ይህ ይሻላል፤ ለአይጥና ለእንሽላሊት መግባት ያስቸግራልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ፤ እርሱም ሽታ ነው። ንብ የኖረበት ቀፎ አዲስ ከኾነው ይልቅ ይጠራታል። አሮጌ ቀፎ ያለው ሰው በሽታ ወይም ትል የሌለበት መኾኑን አይቶ፣ ፍቆና አጽድቶ ያንኑ ይስቀል። የሌለው ንጹሕ ሰም አሙቆ የቀፎውን የላይኛ ክፍልና የመግቢያውን ዙሪያ ይቀባ። ከዚያም እናቶች የእርጎውን ቅል እንደሚያጥኑት ሁሉ በወይራና በጥንጁት ይጠን። ጢሱ ወጥቶ መዓዛው ብቻ እስኪቀር ድረስ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ፤ ትኩስ ጢስ ንብን ያባርራል እንጂ አይጠራም። ጠጅ ሣር በጓሮው ያለው ቅጠሉን ጨምቆ ውስጡን ይሽበት። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም። ንቦች ጓደኞቻቸውን «ቤቱ እዚህ ነው» ብለው የሚጠሩበት ሽታ ከሆዳቸው ጫፍ ካለ ዕጢ ይወጣል፤ በእርሱ ውስጥ ያለው ሲትራል የተባለው ነገር በጠጅ ሣርም ውስጥ ይገኛል።

ማር ግን አትቀቡ። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ማር የሚጠራው ቤት ፈላጊውን ሳይኾን ቀማኛውን ነው፤ ከሁሉ በፊትም ጉንዳን ይደርሳል። ጉንዳን የቀደመበትን ቀፎ ሰላይ አትመርጠውም።

ቀፎውን የምትሰቅሉት ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መባቻ ባለው ጊዜ ይሁን። አደይ አበባ ከወጣ በኋላ ቢሰቀል የመጀመሪያው መንጋ አምልጧል። የበልግ ዝናብ ባገኘ ዓመት ግን በግንቦትና በሰኔም ጥቂት መንጋ ይወጣልና ቀፎውን በበጋ አውርዳችሁ ማገዶ አታድርጉት። የምትሰቅሉበት ዛፍ ከሩቅ የሚታይ፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ ያለ፣ ነፋስ የማያወዛውዘው ይሁን። ከ3 እስከ 5 ሜትር ከፍታ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለመውጣት አንገታችሁን አትስበሩ። አፉን ወደ ምሥራቅ አዙሩት፤ የጧት ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ የከሰዓቱን ግን ቅርንጫፍ ይጋርደው። ግንዱን በአሮጌ ዘይት ወይም በአመድ ከጉንዳን ጠብቁት። በቅሎ፣ አህያና በሬ በሚታሰርበት አጠገብ፣ ልጆች ውኃ በሚቀዱበት መንገድ ዳር ፈጽሞ አትስቀሉ። የታሰረ ከብት ከንብ መሸሽ አይችልም።

አንድ ቀፎ ብቻ ሰቅሎ መጠበቅም ተስፋን ማጥበብ ነው። የሣጥን ዋጋ ብዙ ክብ ቀፎ ያሠራል። ሦስት አራት አድርጋችሁ፣ እርስ በርሳቸው አራርቃችሁ፣ አንዱን ከገደል አፋፍ፣ አንዱን ከወንዝ አጠገብ ስቀሉ። የትኛው እንደ ተያዘ ማየት ለሚመጣው ዓመት ያስተምራችኋል።

በቀፎው አፍ ጥቂት ንቦች ሲዞሩ ብታዩ «ገባልኝ» ብላችሁ አትቸኩሉ። እነዚያ ሰላዮች ይኾናሉ። መንጋው መግባቱን የምታውቁት ብዙ ንብ በእግሯ ላይ የአበባ ዱቄት ይዛ ስትገባ ነው፤ ቢጫ ወይም ብርቱካን መልክ ያለው እንክብል ይታያችኋል። ያ ማለት እጭ የሚመገብበት ቤት ኾኗል። ከዚያ በፊት ከፍቶ ማየት፣ ማንኳኳት፣ ማጨስ አይገባም፤ እንጀራ ያልሠራ መንጋ በቤቱ የሚያስቀረው ነገር የለውምና ተነሥቶ ይሄዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ቀፎውን ከዛፍ አውርዳችሁ ወደ ሌላ ቦታ ልታዛውሩ ብታስቡ መንጋው በገባባት በዚያችው ማታ አድርጉት፤ ገና አካባቢውን አልለመደምና። ካለፈ ግን ጥቂት መቶ ሜትር ብታርቁት ሠራተኞቹ ተመልሰው ወደ አሮጌው ዛፍ ሄደው በብርድ ያልቃሉ። ወይ እዚያው ይቆይ፣ ወይ ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይወሰድ።

ወደ ሣጥን ቀፎ ወይም ወደ ሽግግር ቀፎ ለማዛወር የምትቸኩሉበት ጉዳይ የለም። መንጋው አንድ ክረምት ይለፍ፤ በመጀመሪያው ዓመት ማሩን አትቍረጡበት፤ ብትቈርጡም ከግማሽ በታች ይሁን። በክረምት አበባ ሲጠፋ ሽሮ ወይም በሶ በሣህን፣ ስኳርም በውኃ በጥብጣችሁ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ አቅርቡለት። ማዛወሩ በሚቀጥለው መስከረም፣ አበባ ሲጀምር፣ ማታ ማታ ይደረግ። ገንዘብ ያነሰው ደግሞ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኬንያ የተሠራውን፣ በላዩ አግዳሚ እንጨት የተረበረበበትን ቀፎ ከጨፈቃና ከጭቃ ራሱ ሊሠራው ይችላል። እንጨቱ ብቻ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ሰፋ ወይም ጠበበ ማለት እንጀራው ከእንጨቱ ወጣ ማለት ነው። ጨፈቃው ከጎጆ ጓሮ ይገኛል፤ ለአናጺ የሚከፈለው ለእንጨቶቹ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የምናገረው ጎረቤትን የሚመለከት ነው። የአረምና የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው አጠገብ ቀፎ ካላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ባቄላው ወይም ኑጉ አብቦ ሳለ በቀትር የተረጨ መድኃኒት ከሩቅ ኮረብታ የመጣችውን ንብ ይገድላታል፤ መድኃኒቱን የረጨው ሰው የማን ንብ እንደ ገደለ አያውቅም። የግድ መርጨት ካለበት ንብ ከገባች በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይርጭ፤ ባለ ቀፎውም ከሁለት ቀን በፊት ይነገረው። አሁን ክረምቱ ሳይወጣ ልምጩ እርጥብ ነው፤ ለመጥለፍ ይመቻል። የሚጀምር ሰው ካለ በመጪው ዓርብ ገበያ ሲወጣ አንድ ቀፎ ይዞ ይምጣ፤ ልኩን አብረን እናየዋለን።