ከጣርማ በር የወረደው ጠርሙስ



በሸዋ ሮቢት ተማሪ ሳለሁ ፊዚክስ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ትምህርት አይመስለኝም ነበር። ጥያቄ መጠየቅም ድንቁርናዬን የሚያጋልጥ እየመሰለኝ ዝም እል ነበር።

አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ስመለስ፥ ጣርማ በር ዋሻ አጠገብ ውኃዬን ጠጥቼ ባዶውን ሃይላንድ አጥብቄ ከደንሁት። ደብረ ሲናን አልፈን ቆላው ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጎኑ ተጨማድዶ አገኘሁት። አየር ሲሞቅ ይሰፋል ተብሎ ተምሬአለሁ፤ ታዲያ በሙቀት አገር ስለ ምን ተኮማተረ? እንደ ልማዴ «አልገባኝም» ብዬ ልተወው አሰብሁ። ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። በማግሥቱ እየፈራሁ መምህሬን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም መልሱን ሳይነግሩኝ «ስንት ሜትር ወረድህ?» አሉኝ።

የወረድሁት 2,000 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ቁልቁለት የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ይጨምራል። ሙቀቱ 13 ዲግሪ ያህል ቢጨምርም የታፈነውን አየር ከመቶ 5 እጅ እንኳ አያሰፋውም። ስለዚህ ግፊቱ አሸነፈ። የተማርሁት ስሕተት አልነበረም፤ ያልቆጠርሁት ኃይል ነበረ እንጂ።

ዛሬም ስሌት ሲያስቸግረኝ ያ የጥንቱ ፍርሃት ይመጣብኛል። ሆኖም «ሰነፍ ነኝን?» ማለትን ትቼ «ያልቆጠርሁት ምንድን ነው?» እላለሁ። በየመሥሪያ ቤታችን አንገታቸውን ደፍተው የሚቀመጡ ጀማሪዎችንም «ስንት ሜትር ወረዳችሁ?» ብለን እንጠይቃቸው።